የዲክሲሱ ፖስታ

ባለቤቴን ስትሮክ የመታው ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ጠመኔ የያዘ እጁ ሰሌዳው ላይ እንደተነሣ ቀረ፤ ተማሪዎቹ የሚጽፈውን የሚያስብ መስሏቸው እስክሪብቷቸውን ይዘው ዝም ብለው ጠበቁት። ጠመኔው ከእጁ ሲወድቅ ነው ነገሩ የገባቸው። በባጃጅ ጭነው ሆስፒታል ሲያደርሱት ተረኛዋ ነርስ እኔ ነበርኩ። በሽተኛ መጣ ሲሉኝ የደም ግፊት መለኪያውን ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ ያወቅሁት ኮቱን ነው።

ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እግሩና ቀኝ እጁ ከዱት። እግሩ ቆይቶ በከዘራ መጎተት ጀመረ፤ እጁ ግን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ጭኑ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ከሁሉ የባሰው አፉ ነበር። አማርኛውም፣ ሁሩታ ተወልዶ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚናገረው ኦሮምኛውም፣ ክፍል ውስጥ የሚያንቆረቁረው እንግሊዝኛም በአንድ ጠዋት ጠፉ። የቀረችው አንዲት ቃል ናት፤ «ነገ»። ውኃ ሲጠማው «ነገ» ይላል። ትራሱ ሲጎረብጠው «ነገ»። ዐይኖቹ ስሜን እየጠሩኝ ከአፉ የሚወጣው «ነገ» ነው። ሲናደድም ደስ ሲለውም እሷኑ ነው ከፍና ዝቅ እያደረገ የሚናገራት። መስማቱ ደህና ነው፤ የምንለው ሁሉ ይገባዋል። ያልፈለገው ቃል መውጣቱንም ያውቃል። ቃሏ ባመለጠችው ቁጥር ፊቱ ላይ የሚመጣውን ድንጋጤ ማየት ነበር እኔን የሚገድለኝ።

አዳማ ወስጄ ያሳየሁት ሐኪም ትሑት ሰው ነበር። «ሲስተር፣ አንቺ የሙያው ሰው ስለሆንሽ አልደብቅሽም» አለኝ። «ንግግር የሚመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።»

ወራቱ እያለቁ ነበር። ጸበል አስጠመቅሁት። ያልኩትን ይድገም እንደሆነ ብዬ በልጅነቱ የሚዘምራቸውን መዝሙሮች አብሬው ዘመርኩ። ከገበያ የሕፃናት ሥዕል ያለበት የፊደል ገበታ ገዝቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩና በግና ፀሐይ እያሳየሁ «ይሄ ምንድን ነው? በል እንጂ፣ ሞክር» እለው ነበር። መምህሩን ሰውዬ! አንድ ቀን ከወንበሩ ተነሥቶ ገበታውን በግራ እጁ ቦጭቆ ጣለው። ወረቀቱን ከወለሉ ላይ ስለቅም እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር።

ጎረቤታችን ሐጂ ብቻ ናቸው እንደ በሽተኛ ያላዩት። ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። ጠዋት ወደ ሱቃቸው ሲሄዱ አጥሩ ጋ ቆመው «አካም ቡልቴ፣ ባርሲሳ?» ይሉታል፤ እንዴት አደርክ መምህር ማለታቸው ነው። እሱም «ነገ» ይላቸዋል። ሐጂ ፊታቸው ይበራል።

«ሰማሽ፣ ሲስተር? ነጋ አለኝ! ሰላም ነኝ እያለ ነው። አካም ቡልቴ ሲሉት ሰው ሌላ ምን ይመልሳል?»

በኦሮምኛ «ነጋ» ሰላም ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ባለቤቴ ሰላም እንዳልሆነም አውቃለሁ። ሆኖም አላረምኳቸውም። በቀን ውስጥ ከሰው ጋር እንደ ሰው የሚነጋገርባት ደቂቃ እሷ ብቻ ነበረች።

ቴምብር መሰብሰቡን ከወሎ ተመድቤ አሰላ መጥቼ ሳገባው ጀምሮ አውቃለሁ። ውድ ቴምብር ግን አልነበረውም። እሱ የሚወደው ቴምብሩ ላይ የሚመታውን የፖስታ ቤት ማኅተም ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር አውቶቡስ ይይዝና ወይ ሁሩታ፣ ወይ ጮሌ፣ ወይ ዲክሲስ ይሄዳል። እዚያ ፖስታ ቤት ገብቶ ቴምብር ይገዛል፤ ፖስታው ላይ ለጥፎ የራሱን ስምና የአሰላን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይጽፍበታል፤ ጸሐፊው ማኅተሙን አጥርቶ እንዲመታለት ይለምናል፤ በዚያው አውቶቡስ ተመልሶ ፖስታው እስኪደርሰው ይጠብቃል። ሲደርሰው በወረንጦ ይዞ በአጉሊ መነጽር ያየዋል። የከተማው ስም ከነቀኑ በክቡ ማኅተም ውስጥ ከተነበበ ያ ቀን በዓል ነው። ባልደረቦቹ «ለራስህ ደብዳቤ ትጽፋለህ እንዴ?» ብለው ይስቁበት ነበር። እሱ አይቀየምም። «ውስጡ ባዶ ነው» ይላቸዋል። ከታመመ ወዲህ አልበሞቹን ጠረጴዛው ላይ ባስቀምጥለትም አልነካቸውም። ወረንጦውን በግራ እጁ ለመያዝ አንድ ጊዜ ሞክሮ ወደቀበት፤ ከዚያ በኋላ ተዋቸው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ምሳ እያበላሁት፣ ስልኩ ጮኸ። የሽማግሌ ድምፅ ነው። አዲስ አበባ የሚኖሩ ጡረተኛ ቴምብር ሰብሳቢ ናቸው፤ ከባለቤቴ ጋር ለብዙ ዓመታት በፖስታ ቴምብር ሲለዋወጡና በስልክ ሲጨዋወቱ ኖረዋል፣ ዐይን ለዐይን ግን ተያይተው አያውቁም።

«ምነው ይሄ ሰው ስልክ ማንሣት ተወ?» አሉ ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ። «ቅዳሜ ከሰዓት እኮ ተራው ነው።»

«የምን ተራ ነው፣ ጋሼ?»

ባለቤቴ ሳይታመም በፊት የተመዘገበበት የቴምብር አውደ ርዕይ ነው። አዳራሽ የለውም። ሰብሳቢዎቹ ከየአገሩ፣ ከየቤታቸው ሆነው በኮምፒውተር የሚያሳዩትና የሚያዩት ነው። የእሱን ገጾች ከነማብራሪያ ጽሑፋቸው አስቀድሞ ፎቶ አንሥቶ ልኮላቸዋል፤ የአርሲ ከተሞችን የፖስታ ማኅተም የሚያሳዩ ናቸው። ቅዳሜ እሱ በቪዲዮ ቀርቦ ስለ እያንዳንዱ ገጽ መናገር ነበረበት።

የሆነውን ነገርኳቸው። ከዚያ በተሰበረ ድምፅ «እንግዲያው ይቅር፣ ልጄ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ» አሉ።

ቀና ስል ባለቤቴ ማኘኩን አቁሟል። ዐይኑ ስልኩ ላይ ነው። ወራት ሙሉ ዐይኑ እንደዚያ በአንድ ነገር ላይ ተተክሎ አላየሁም።

«አይቅር፣ ጋሼ» አልኩ። «ይቀመጣል። ፊቱን ያዩታል። ጽሑፉን እርስዎ ያነቡለታል።»

«እሱስ ይፈልጋል?»

ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋሁት። ሽማግሌው ምን እንዳሉት አልሰማሁም። እሱ ግን «ነገ» አላቸው፤ ቀስ ብሎ፣ እሺ እንደሚል ሰው።

ለማንም ያልነገርኩት ሐሳብ ነበረኝ። ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ቃል የማይወጣቸው ሕሙማን ባልታሰበ ድንጋጤ ወይም ደስታ ሲናገሩ አይቻለሁ። አንድ ገበሬ ለሳምንታት ዝም ብሎ ከርሞ በሬው መሸጡን ሲሰማ የልጁን ስም ጠርቶ ተሳድቧል። ሌሎች ብዙዎች ደግሞ ዝም እንዳሉ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አይቻለሁ፤ እነሱን ግን በዚያ ሳምንት አላስታወስኳቸውም። ከሚወዳቸው ነገሮችና ከሚያውቁት ሰዎች ፊት ሲቀመጥ አንድ ነገር ይፈታለታል ብዬ ያንን ቅዳሜ እንደ ሐኪም ቀጠሮ ጠበቅሁት። የሐኪሙ ቀጠሮ ግን እንዲህ አስጨንቆኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ጢሙን ላጨሁት። ክራባት ላስርለት ስል ራሱ መረጠ፤ ሠርግ ላይ የሚያደርጋትን ጠቆመኝ። ያለን ላፕቶፕ አሮጌ ነው፤ ባትሪው ስለሞተ ሶኬቱ ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። ኢንተርኔቱን ከእኔ ስልክ ነው የምናገናኘው። ስልኩ መስኮቱ ደፍ ላይ ካልተቀመጠ ኔትወርክ ስለማይኖረው ደፉ ላይ አስቀመጥሁት። ከጭላሎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ መጣል ሲጀምር መብራት ሄደ።

ነጠላዬን ሳልለብስ ነው ወደ ሐጂ ቤት የሮጥኩት። ሱቃቸውን ዘግተው ለሰላት ሊነሡ ነበር።

«ሐጂ፣ ጄኔሬተርዎን! ለዛሬ ብቻ።»

ለምን እንኳ አላሉኝም። ትንሿን ጄኔሬተር በጋሪ አስጭነው በዝናብ መጡ። በረንዳችን ላይ አስቀምጠው ገመዱን በመስኮቱ አሾለኩልን። «ቤንዚኑ ብዙ አይደለም፣ ሲስተር። ማደያው ሰልፍ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ አላገኘሁም» አሉ። ገመዱን ስበው ሲያስነሷት ቤቱ በጩኸት ተሞላ። እሳቸው ውጭ ቆርቆሮው ሥር ቆመው ጠበቋት፤ እርጥብ ልብሳቸውን እንኳ ሊቀይሩ አልሄዱም።

ስክሪኑ ሲበራ የሰው ፊቶች በትንንሽ መስኮት ተደርድረው ታዩ። ሽማግሌውን ወዲያው አወቅኋቸው፤ ወፍራም መነጽር አድርገው ወደ ካሜራው በጣም ተጠግተዋል፣ ግንባራቸው ብቻ ነው የሚታየው። «አየሁህ!» ብለው ጮኹ። «ወንድሜ፣ አየሁህ! ከሽማግሌ ጋር ስትጻጻፍ እንደኖርክ ዛሬ አወቅህ።» ባለቤቴ ሳቀ። ሳቁ የድሮው ሳቅ ነው፤ ከአፉ ሳይሆን ከደረቱ የሚነሣው።

መጀመሪያ የሌሎቹ ነበር። አንዲት ሴት የወፍ ሥዕል ያለባቸውን ቴምብሮች አሳየች። አንድ ሰውዬ ደግሞ ባቡር ብቻ ይሰበስባል። ገጾቹ በስክሪኑ ላይ እየመጡ ይሄዳሉ፤ የፈለጉትን ገጽ ማጉላት ይቻላል። ባለቤቴ ግራ እጁን ዘርግቶ ማውሱን ከእጄ ወሰደው። አንዲት ቢጫ ወፍ ላይ ደርሶ አጎላ፣ አጎላ፣ የክንፏ ቀለም ነጠብጣብ እስኪሆን ድረስ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጥርሱ የተቆራረጠውን የቴምብሩን ጠርዝ መረመረ። ዘወር ብሎ አየኝና በአገጩ አመለከተኝ፤ እይ እንጂ እንደማለት ነው። እኔ ወፏን አልነበረም የማየው። ከንፈሩን ነበር። ይንቀሳቀስ ነበር። «አምላኬ፣ አሁን» እያልኩ ነበር በሆዴ።

ተራው ደረሰ። ሽማግሌው ገጾቹን እያቀረቡ ጽሑፉን ማንበብ ጀመሩ። የአሰላ ገጽ መጣ፤ ቀጥሎ የጮሌ። ባለቤቴ ክራባቱን አስተካክሎ፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ተማሪ መልስ ሲሰጥ እንደሚሰማ መምህር ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ሦስተኛው ገጽ ሲመጣ ሽማግሌው «ይህ የሁሩታ ማኅተም ነው፤ ሰብሳቢው በተወለደበት ከተማ...» ማለት ሲጀምሩ ባለቤቴ ቀጥ አለ።

«ነገ» አለ።

ሽማግሌው አልሰሙትም፤ ማንበባቸውን ቀጠሉ።

«ነገ! ነገ! ነገ!» ጠረጴዛውን በግራ እጁ መታው። ላፕቶፑ ዘለለ።

በስክሪኑ ላይ ያሉት ፊቶች ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ። አማርኛ የማያውቁት ደንግጠዋል። አንዱ ዐይኑን ሰበረ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ምነው ወንድሜ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?» አሉ።

እሱ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ተክሎ፣ ላብ በግንባሩ እየወረደ፣ «ነገ፣ ነገ» ይላል። አይደለም ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። የቱ እንዳልሆነ ግን አልገባኝም። ማኅተሙን ለማንበብ ተጠጋሁ፤ ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ሥዕሉ ደብዝዟል።

«ሁሩታ አይደለም?» አልኩት።

ራሱን በኃይል ነቀነቀ። አይደለም።

«ታዲያ የት ነው? ንገረኝ። ንገረኝ፣ ትችላለህ፤ የት ነው?»

ከንፈሩን ገጠመ፣ ከፈተ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። ከንፈሩ ወደ ጎን ሲለጠጥ አየሁት፤ ለ«ነገ» ከንፈሩ እንደዚያ አይሆንም። እጁን ያዝኩት። ሽማግሌውም ገብቷቸው ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ከአፉ አንድ ድምፅ ወጣ።

«ዲ...»

«ዲክሲስ!» ብዬ ጮኽኩ። «ዲክሲስ ነው! በለው፣ ጨርሰው! ዲክ...»

ጄኔሬተሩ ሁለቴ አሳለና ዝም አለ። ስክሪኑ ጠፋ።

በረንዳው ላይ ሐጂ የማስነሻ ገመዱን ደጋግመው ሲስቡ ይሰማኛል። ወጥቼ ጮኽኩባቸው። ያን ያህል ዘመን እርስዎ ያልኳቸውን ሰው «ቤንዚን ስጠኝ!» አልኳቸው። ሐጂ አልተቀየሙም። በዝናቡ ወጥተው ባጃጅ አስቆሙ፤ ከሾፌሩ ጋር በኦሮምኛ ሲለማመጡ አየሁ፤ ከባጃጁ ታንክ በጎማ ቱቦ በአፋቸው ስበው ትንሽ ቤንዚን በጀሪካን ይዘው ተመለሱ። ቤንዚኑን አፋቸው ውስጥ ቀምሰውት ይተፉ ነበር። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ላፕቶፑ እስኪከፈት፣ ኔትወርኩ እስኪመለስ ጊዜ ሄደ። በመጨረሻ ያገኘሁት ስብሰባው መጠናቀቁን የሚናገር ባዶ ገጽ ነው።

ባለቤቴ ከወንበሩ አልተነሣም ነበር። «ዲ በል» አልኩት ተንበርክኬ። «አሁን እንዳልከው። ዲ።»

አፉን ከፈተ። «ነገ።»

እስኪመሽ ክራባቱን ላወልቅለት ስል እጄን ይገፋ ነበር። ጥቁሩን ስክሪን እያየ ተቀመጠ።

ሽማግሌው በነጋታው ደወሉ። ጽሑፉና ሥዕሉ በአንድ ገጽ ተዛንፎባቸው እንደነበር፣ ባለቤቴ ልክ እንደሆነ፣ ለሁሉም እርማቱን እንደነገሩ አወሩኝ። እኔ የምፈልገው እሱን አልነበረም።

«ጋሼ፣ ሰምተውታል? ዲ ሲል ሰምተዋል?»

«የሆነ ነገር የሰማሁ መሰለኝ» አሉ። «ግን ጆሮዬን አላምነውም፣ ልጄ። የእናንተ ቤት ሞተር ይጮህ ነበር።»

«ተቀድቷል?»

«ተቀድቷል። እልክልሻለሁ።»

ቅጂውን በስልኬ ለማውረድ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ኔትወርክ የሚሻልበት ጥግ አለ፤ እዚያ ቆሜ ከሥራ በኋላ ጠበቅሁ፤ ግማሽ ደርሶ ይቋረጣል፣ እንደገና እጀምራለሁ። ሲወርድ እዚያው ቆሜ ከፈትኩት። ባለቤቴ ጠረጴዛውን ይመታል። እኔ የማልታወቅ ሴት ሆኜ አጠገቡ እጮሃለሁ። ከንፈሩ ይከፈታል። ከዚያ የምሰማው የጄኔሬተሩን ሳል ነው። ድምፁን ጨመርኩት። የጆሮ ማዳመጫ ተውሼ ሰማሁት። ወደ ኋላ መለስኩት። አንዳንዴ «ዲ» ነው። አንዳንዴ ሞተሩ ነው። ለባልደረባዬ፣ አብራኝ ለምትሠራ ነርስ አሰማኋት። ደግማ ሰማችና ፊቴን አየች፤ «እኔ እንጃ፣ እህቴ» አለች። ልታጽናናኝ ብላ እንኳ ሰማሁ አላለችም። ለእኔ በገዛ ጆሮዬ፣ አፉ ሥር ሆኜ የሰማሁት ነገር እንኳ መጠራጠሪያ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሳስበው አሁንም ያመኛል። የዲክሲሱን ፖስታ ከአልበሙ አውጥቼ ሲነሣ አሳየዋለሁ፣ ሲበላ አሳየዋለሁ። «ዲ» እለዋለሁ። «ምላስህን ወደ ላይ። ዲ።» መጀመሪያ ይሞክር ነበር፤ ጅማቱ እስኪገተር ይሞክር ነበር። ቆይቶ ፖስታውን ሲያይ ዐይኑን ይጨፍን ጀመር። እኔ ግን አላቆምኩም። ሐኪሙ የነገረኝ ጊዜ እንዳለፈ ስለማውቅ ነው ያላቆምኩት።

ኅዳር ሲገባ እሱን ይዤ ዲክሲስ ሄድኩ። ማንንም አላማከርኩም። ሚኒባሱ ላይ ሰው በደግነት የፊቱን ወንበር ለቀቀልን። ደጋው አጨዳ ላይ ነው፤ ገብሱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል፣ ንፋሱ አጥንት ይገባል። ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሜለታለሁ። ቦታውን ሲያየው፣ ፖስታ ቤቱን ሲያየው፣ ስሙ ይመጣለታል ብዬ ነበር። ከዚህ የተሻለ ሐሳብ አልቀረልኝም ነበር።

ፖስታ ቤቱ ውስጥ አንዲት ሴት ጸሐፊ ብቻዋን ሹራብ ደርባ ተቀምጣለች። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመና ክፍሉን አየ፤ እንደሚያውቀው ገባኝ። ቴምብር ገዛሁለት፤ በግራ እጁ አጣሞ ፖስታው ላይ ለጠፈው፤ አድራሻውን እኔ ጻፍኩ። ሴትዮዋ ማኅተሙን መታችበት። እሱ ፖስታውን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው።

«የት ነው ያለነው?» አልኩት።

አየኝ።

«ማኅተሙ ላይ ተጽፏል። አንብብልኝ። የት ነው ያለነው?»

«ነገ» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ሊያባብለኝ እንደፈለገ።

«ነገ አይደለም!» አልኩ። ድምፄ ከቁጥጥሬ ወጣ። «ነገ አትበለኝ! ዛሬ በል! አንዲት ቃል፣ አንዲት ብቻ፤ ከዚያ በኋላ አልጠይቅህም። ዲ በል፣ ስለ እግዚአብሔር ዲ በል!»

ጸሐፊዋ ከወንበሯ ተነሣች። ከውጭ ሰዎች ወደ በሩ ተጠጉ። እኔ ኮቱን ይዤ እየነቀነቅሁት ነበር። ነርስ ነኝ፤ በሽተኛ የምትነቀንቅ ሴት ባይ የማደርጋትን አውቃለሁ።

ባለቤቴ ከዘራውን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ። ግራ እጁን አንሥቶ አፌ ላይ አኖረው። አልጨከነብኝም፤ መዳፉን ብቻ ጣል አድርጎ፣ እስክቆም ድረስ ያዘው። መዳፉ የቴምብር ሙጫ ይሸት ነበር። ዐይኑ እንባ ሞልቷል፤ እኔ ግን እሱ ሲያለቅስ ከታመመ ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር። ከመዳፉ ሥር ሆኜ አለቀስኩ። ጸሐፊዋ ወንበሯን አምጥታ አስቀመጠችኝና በሩ ላይ የቆሙትን ሰዎች በኦሮምኛ ገሥጻ አባረረቻቸው።

ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ኮምባይነር ከማሳ ወደ ማሳ ሲሻገር ጎማው ከቦይ ገብቶ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ባለቤቴም ወረደ። እግሩን እየጎተተ ከሰዎቹ ርቆ አጨዳው ያለቀበት ማሳ ዳር ቆመ። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ማሳው ውስጥ ሴቶች የወደቀ ዛላ ይለቅማሉ። «ዲ በል» አላልኩትም። ኮምባይነሩን በገመድ ጎትተው ሲያወጡት ረዳቱ «ግቡ! ግቡ!» እያለ ሰዉን ጠራ። ባለቤቴ አልተንቀሳቀሰም። ክንዱን ያዝኩት፤ ክንዱን አጠበቀ። አንዲት ተሳፋሪ እናት ተመልሰው መጡና «ምን ሆኖ ነው፣ ልጄ? አሞታል?» አሉኝ።

«መናገር አይችልም» አልኩ።

ያን ዓረፍተ ነገር እሱ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ ስናገረው ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር። ሁልጊዜ «እየተሻለው ነው» ነበር የምለው። ፈራሁና ፊቱን አየሁ። እሱ ሴትዮዋን ተመልክቶ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣቸው። ክንዱ ላላ። ሴትዮዋ በአንድ ወገን፣ እኔ በአንድ ወገን ደግፈነው ወደ ሚኒባሱ ተመለስን፤ አሰላ እስክንደርስም ራሱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ዐይኑን ገልጦ ተቀመጠ።